“ደህና ነው” ያልኩት ጥይት

ሰኔ 6 ቀን 1969
የላምባ ምድጃውን ፈትቼ ስጠርግ ዋልኩ። የናዝሬት ነፋስ ዛሬም አቧራውን እስከ ጓዳ ያስገባዋል። ጡረታ ማለት ይኸው ነው... መፍታት፣ መግጠም።
ከሰዓት የቀበሌ ተላላኪ መጣ። ሊቀመንበሩ ወዬሳ ይፈልግዎታል አለኝ። ለምን ይሆን? ሃያ ስድስት ዓመት በድሮው ጦር የመሣሪያ ግምጃ ቤት የሠራ ሰው፣ በዚህ ዘመን ሲጠራ የሚታየው እስር ቤት ነው።

ሰኔ 7
የፈራሁት አይደለም። ሦስት ጆንያ የጠመንጃ ጥይት። ከየባላባቱ ቤት የተወረሰ፣ ለሚሊሺያ ሊታደል። ለይልን አሉኝ። ከእኔ ሌላ የሚያውቅ የለም አለ ወዬሳ። ደስ አለኝ፣ ለምን እዋሻለሁ? ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ፈልጎ የጠራኝ ሰው አልነበረም።

ሰኔ 9
ሰሌን ላይ ዘርግፌ አንድ በአንድ። የቀለሁ ቂጥ ላይ የተቀረጸውን በማጉያ መስተዋት አነባለሁ... የፋብሪካ ምልክት፣ የተሠራበት ዓመት። የቤልጅግ አለ፣ የቼክ አለ። የጣሊያንም ተቀላቅሎበታል፤ ቀጠን ያለ ነው፣ ሚሊሺያዎቹ ለያዙት ጠመንጃ አይሆንም። አብዛኛው ሠላሳ ዓመት አልፎታል። ባላባቶቹ ጉድጓድ ቀብረውት ኖሮ አረንጓዴ ዝገት በልቶታል። አንገቱ የተሰነጠቀም አለ። ጆሮዬ ላይ ስነቀንቀው አንዳንዱ ድምፅ የለውም። እርጥበት ባሩዱን አጋግሮታል።

ሰኔ 11
ከከተማ ወጣ ብለን ሞከርነው። ከሃያው ስምንቱ ከሸፈ። አንዱ ግን የባሰ... ቃታውን ሳብኩ፣ ጸጥ። አንድ፣ ሁለት ብዬ ስቆጥር ፈነዳ። የምፈራው እንዲህ ያለውን ነው። ከሸፈ ብሎ የጠመንጃውን መዝጊያ ቶሎ የከፈተ ሰው ፊቱ ላይ ይፈነዳበታል።
ሪፖርት ጻፍኩ። አንዱ ጆንያ ይሠራል፣ ሁለቱ ይወገዱ።

ሰኔ 15
ወዬሳ ሪፖርቱን መለሰልኝ። ሦስት ጆንያ ብሎ ለበላይ አስታውቋል። ሕዝቡ ለአብዮቱ ልጁን እየሰጠ እርስዎ ጥይት ይቀንሳሉ ወይ አለኝ።
“የሚከሽፍ ጥይት የሚገድለው የያዘውን ነው” አልኩት።
አልተቆጣም። ጠረጴዛው ላይ የድሮ ወታደሮች ስም ዝርዝር ነበር። ጣቱን ስሜ ላይ አሳርፎ የባለቤቴን የወርቄን ጤና ጠየቀኝ።

ሰኔ 16
ፈረምኩ። ሦስቱም ደህና ናቸው ብዬ።

ሐምሌ 20
ዛሬ አደልን። አዳዩ እኔው ነኝ፣ ጥይት ያውቃል ተብዬ። የለየሁት ሁሉ መልሶ ተደባልቋል።
ከአርሲ ነገሌ የመጡት ሚሊሺያዎች ተሰለፉ። ከመሃላቸው መርዳሳ፣ የወርቄ ታናሽ ወንድም። እጄ ብቻውን ሠራ... ንጹሕ ንጹሑን እየለቀምኩ ዝናሩን ሞላሁለት። ከኋላው ጎረቤቱ ጫላ ቆሟል። ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው። ለኔም ይምረጡልኝ፣ ጋሼ አለኝ። ወዬሳ ከጀርባዬ ነበር። ከላይ ያለውን አፍሼ ሰጠሁት። አንዱን አገላብጦ አየው፤ አረንጓዴ ነው።
“ደህና ነው፣ ጋሼ?”
“ደህና ነው።”
ከከሸፈ ቶሎ አትክፈት፣ ቆይ... ይህን እንኳ አላልኩትም። ይህን ካልኩ ይከሽፋል ማለቴ ነው። የፈረምኩት ደግሞ እኔ።

ነሐሴ 3
እንቅልፍ የለም። ወርቄ ለወንድሟ ትጸልያለች። እኔ ለማን ልጸልይ?

ኅዳር 12 ቀን 1970
መርዳሳ ጉልበቱን ተመትቶ ተመለሰ። ወርቄ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። እራት ላይ አወራን። የእሱ አንድም አልከሸፈም። ያተረፉኝ እርስዎ ነዎት፣ ጋሼ አምባዬ አለኝ። ስለ ጫላ የጠየቅሁት እኔ ነኝ። ከሐረር ወዲያ ምሽግ ውስጥ ጎን ለጎን ነበሩ። የጫላ ከሸፈበት። ሊያወጣው ሲከፍት ፈነዳ። ዓይኑ ጠፍቶ ሁለት ቀን ቆየ፣ ሞተ።
“ዕድሉ ነው” አለ መርዳሳ።
የጠቀለልኩትን ጉርሻ መልሼ ትሪው ላይ አኖርኩ። 

ታኅሣሥ 9
አርሲ ነገሌ ሄድኩ፣ የጫላ እናት ሎሚ ዘንድ። ወርቄን ለቅሶ ልደርስ ነው አልኳት። ሎሚ ወንበሩን በነጠላዋ ጠርጋ አስቀመጠችኝ፣ ወተት ሰጠችኝ። ልጄን የሸኙት እርስዎ ነዎት አሉ ብላ መረቀችኝ። ወተቱን አስቀምጬ ነገርኳት። ሁሉንም። ፊርማውን፣ ለመርዳሳ መምረጤን፣ ደህና ነው ማለቴን።
 ከዚያ በኦሮምኛ፣ ቀስ ብላ፣ መርዳሳ ይህን ያውቃል ወይ አለችኝ። አያውቅም አልኩ።
“አይንገሩት። ማሳዬን አሁን የሚያጭድልኝ እሱ ነው፣ በዚያ እግሩ። ከሰማ አፍሮ ደጄን አይረግጥም። እኔ ደግሞ ሌላ ሰው የለኝም።”
ይቅር አላለችኝም። አልረገመችኝምም። ወተቱን አንስታ መልሳ የወተት ቅሏ ውስጥ ጨመረችው።
መርዳሳ እያነከሰ አውቶቡስ ድረስ ሸኘኝ። ስለ ጥይቱ ዳግም አመሰገነኝ። አሁን ከሰው ሁሉ ፊት እንዲህ እያለ ይኖራል... እኔም እሰማለሁ።
“ምንም አይደል” አልኩት።