ጥይት አይታጠፍም፦ የመምህር አለነ አስማረ የሕይወት ታሪክ

ጥይት ግንብ ዞሮ ሰው ይመታል ብሎ የሚያምን ከመካከላችሁ አለ? በ1970 ዓ.ም. ይህን ያመነ ሰው ነበረ፤ በዚህም ምክንያት መምህር አለነ ለሞት ተቃርበው ነበር።

መምህር አለነ ከአባታቸው ከአቶ አስማረና ከእናታቸው ከወ/ሮ ወለተሩፋኤል በ1928 ዓ.ም. ትክል ድንጋይ ተወለዱ። ጎንደር ተምረው፣ በመምህርነት ሠልጥነው፣ ከ1951 ዓ.ም. ጀምሮ እዚያው ጎንደር፣ አራዳ አካባቢ ፊዚክስ አስተማሩ። በ1955 ዓ.ም. ወ/ሮ ይመኙሽን በቁርባን አግብተው እታገኘሁን፣ ታከለንና ውቢትን ወለዱ።

በጥር 1970 ዓ.ም. ለተማሪዎቻቸው እንዲህ አስረዱ፦ ጎኑን የተመታ ኳስ እየተሽከረከረ አየሩን ወደ አንድ ወገን ስለሚገፋ መንገዱ ይጎብጣል። ጥይት ግን በጠመንጃው አፈሙዝ ውስጥ በተቀረጸው ጠመዝማዛ ቦይ ሲሽከረከር አፍንጫው አይዋዥቅም፤ ፊቱን ሳያዞር ይሄዳል። በር ላይ ቆመው ያዳመጡት ባልደረባቸው አቶ አድማሴ ሁለቱን ቀላቀሉና፣ «አለነ ጥይት አጥፎ ከግንብ ጀርባ ያለ ካድሬ መምታት ያስተምራል» ብለው ለቀበሌ ተናገሩ። መምህሩ ታሰሩ።

ወ/ሮ ይመኙሽ በየቀኑ ስንቅ ይዘው እስር ቤቱ በር ላይ ይቆሙ ነበር። በዚያ ዘመን «ከእንግዲህ ስንቅ አታምጪ» ማለት ሰውየው ተገድሏል ማለት እንደነበር እዚህ የቆመ ሁሉ ያውቃል።

መምህሩ ለምርመራ ሲቀርቡ የጨርቅ ኳስ አስመጥተው በግቢው ውስጥ ጎኑን መቱት። ኳሱ የሰንደቁን እንጨት ዞሮ ለምስክርነት ተጠርተው ከጀርባው የቆሙትን የአቶ አድማሴን ባርኔጣ ጣለ። «ጥይቱን ግን እንዲህ ማድረግ አልችልም» አሉ።

እዚያ ይጠብቅ የነበረ አንድ ከአርማጭሆ የመጣ ሚሊሺያ፣ «ምነው አያ አለነ፣ እኔ ደግሞ ሙያው ካለ ሊያስተምሩኝ ነው ብዬ! ስንት ድኩላ ቋጥኝ ዞሮ አመለጠኝ መሰለዎት» አለ። መርማሪው የቀበሌው ሊቀመንበር ሳቁ፤ ሳቁም ሰው አዳነ።

ወዲያው ዘበኛው ወደ በሩ ወጥቶ፣ «እትዬ፣ ከነገ ጀምሮ ስንቅ አያምጡ» አላቸው። ወ/ሮ ይመኙሽ መሬት ላይ ዘፍ አሉ። ዘበኛው ደንግጦ፣ «ኧረ ይነሡ! ከኋላዬ እየመጡ ነው» አለ።

እፎይ ያልነው ያን ቀን ነው። መምህር አለነ ከዚያ በኋላ አስተማሩ፣ ልጆቻቸውን ዳሩ፣ የልጅ ልጅ አቀፉ። በልብ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው መጋቢት 4 ቀን 1983 ዓ.ም. ባለቤታቸውና ሦስቱ ልጆቻቸው እንደከበቧቸው በገዛ አልጋቸው ላይ ዐረፉ። ስንቱ ያለ መቃብር በቀረበት አገር እሳቸውን በወግ አልቅሰን መቅበራችን ሐዘናችንን ያቀልልናል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ መካከል ያኑርልን።

አቶ አድማሴም ከአልቃሾቹ መካከል አይጠፉም። ያልቅሱ፤ አንከለክላቸውም። ነገር ግን አስከሬኑ ወደ መቃብር ከመውረዱ በፊት በዚህ ሕዝብ ፊት ይመልሱ፦ ያን ቀን በሩ ላይ ቆመው የሰሙት ምን ነበር?