የእትዬ ውሃ ዕረፍትና ከዋና ክለቡ የተላከው አበባ

ከኦቲዝም ልጆች ወላጆች ማኅበር፤ ለአባላት፣ ለበጎ ፈቃደኞችና ሐዘናችንን ለተካፈሉ ሁሉ

ልጆቻችን «እትዬ ውሃ» እያሉ የሚጠሯቸው የዋና አሠልጣኛችን በጉበት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ባለፈው ረቡዕ ጠዋት በታላቅ እህታቸው ቤት አርፈዋል። ማኅበራችን ይህን የሚያስታውቀው በመሪር ሐዘን ነው። ሐዘኑ ብቻውን ቢሆን ኖሮ በወጉ ተናግረን ዝም ባልን ነበር። በቀብሩ ማግስት የገጠመን ነገር ግን በዝምታ የሚታለፍ አይደለም፤ አባላትም ነገሩን ከሰው አፍ ሳይሆን ከእኛው እንዲሰሙ እንፈልጋለን።

እትዬ ውሃ አብዛኛውን ዕድሜያቸውን ያገለገሉት በአንድ የስፖርት ክለብ በዋና አሠልጣኝነት ነው። ወደ እኛ ያመጣቸው የእህታቸው ልጅ ጉዳይ ነበር። ኦቲዝም ያለባት ይህች ልጅ ከቤት ወጥታ ጠፍታ፣ ዝናብ ከሞላው የሕንፃ መሠረት ጉድጓድ ውስጥ በሰው ርብርብ በሕይወት ወጣች። በዚያው ሳምንት አክስት ከማተሚያ ቤቱ ጀርባ ወዳለችው ቢሯችን መጡና ወንበር እንኳ ሳይስቡ፣ «ልጆቻችሁ ውሃ ሲያዩ ወደ ውሃው ይሮጣሉ አይደል? አምጡልኝ፤ መንሳፈፍ ላስተምራቸው» አሉን።

በመጀመሪያው ዓመት ክለቡ ቅዳሜ ማለዳ፣ አባላቱ ሳይገቡ፣ ገንዳውን ፈቀደልን። እትዬ ውሃ ፊሽካቸውን ከአንገታቸው አውልቀው ኪሳቸው ከተቱት። ድምፁ ልጆቹን ስለሚያውካቸው የውሃ መግፊያውን ሞተር አስጠፉ። ለሳምንታት ማንም አልዋኘም፤ ልጆቹ ደረጃው ላይ ተቀምጠው እግራቸው ላይ በኩባያ ውሃ ይፈስላቸው ነበር። ዳር ቆማ ልጇን የምትጣራ እናት ሲያዩ ደግሞ፣ «እህቴ፣ እዚያ ሆነሽ ስሙን አትጥሪ፤ ግቢና አብረሽው ፍሪ» ይሏት ነበር። ገብተናል። አብረን ፈርተናል። ከፈራነውም ብዙዎቻችን መንሳፈፍ ተምረን ወጥተናል።

በሦስተኛው ዓመት አንድ የክለቡ አባል ከሰዓቱ ቀድሞ መጣና ልጆቹና እናቶቹ እየሰሙ፣ «እነዚህ ከወጡ በኋላ ውሃው ይቀየር። የእኔም ልጆች እዚህ ነው የሚዋኙት» አለ።

«ውሃው ምን ሆነ?» ሲሉ እትዬ ውሃ ጠየቁት።

«በሽታቸው እንዳይተላለፍ ነዋ!»

እሳቸውም ከገንዳው በእፍኛቸው ዘግነው ፊታቸውን ታጠቡበት። «ይኸው፤ ነገ መጥተው ምን እንደያዘኝ ይዩ» አሉት።

የክለቡ ሥራ አስኪያጅ ሰውየውን ይገሥጻል ብለን ጠብቀን ነበር። እሱ ግን፣ «በእኔ በኩል ችግር የለም፤ አባላት ቅር እንዳይላቸው ብዬ ነው» አለና የገንዳውን ውሃ አስደፍቶ ገንዳውን በብሩሽ አስፈገፈገው። ልጆቻችን መኪና እየጠበቁ በአጥሩ ሽቦ በኩል ያዩ ነበር። አንዷ፣ «ውሃው ታሟል?» ብላ ጠየቀች። እትዬ ውሃ በነገሩ ላይ አፋቸውን ሞልተው በመናገራቸው ከሥራ ተሰናበቱ። የዋንጫ መደርደሪያው አጠገብ ተሰቅሎ የኖረው ፎቶግራፋቸውም ወረደ።

ከዚያ በኋላ አንድ የሙያ ትምህርት ቤት ሸክላው የተሰነጣጠቀ አሮጌ ገንዳውን ሰጠን። አረንጓዴውን ዝቃጭ ወላጆች ፈገፈግን። የውሃው ቅዝቃዜ አጥንት ይሰብራል፤ ቢሆንም እትዬ ውሃ ሕመሙ አልጋ ላይ እስኪጥላቸው ድረስ ከዚያ አልቀሩም።

ባለፈው ክረምት የአንድ መካኒክ አባላችን ልጅ ክዳን የሌለው የውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ወደቀች። አባቷ ሲደርሱ በጀርባዋ ተንጋላ፣ ጆሮዋ ውሃው ውስጥ ሆኖ ታዜም ነበር። ይህንኑ ለእትዬ ውሃ ሆስፒታል ሄደው ሲነግሯቸው፣ «አገጯን ቀና አድርጋለች?» ብለው ጠየቁ። «አዎ» አሏቸው። «ጎበዝ» ብለው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

እንግዲህ በቀብሩ ማግስት ያ ክለብ ሁለት ሰው የሚሸከመው የአበባ ጉንጉን ልኮ በስማቸው የመታሰቢያ ዋና ውድድር እንደሚያዘጋጅ አስታወቀ። የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛዋም፣ «ጥቂት ልጆች ብታመጡልን፣ ረጋ ያሉትን። ለፎቶ ነው እንጂ ውሃ ውስጥ አይገቡም» አለችን። ይህን ያለችው በፈገግታ ነው። እህታቸው አበባውን በር ላይ አስቁመው፣ «በቁሟ አባራችኋት ስትሞት ልትነግዱባት ነው? አንሡልኝ!» ሲሉ መልሰውታል።

ማኅበራችንም ይጸየፈዋል። ልጆቻችንን እንደ ቆሻሻ ያየ ገንዳ ዛሬ በአሠልጣኛቸው ስም ሊያጌጥ ሲነሣ ማየት ይቀፋል። ማንም አባል ልጁን ወደዚያ ውድድር እንዳይልክ እንጠይቃለን። ክለቡ በልጆቹ ፊት ይቅርታ እስኪጠይቅ ድረስ ከእሱ ጋር የምንነጋገረው ነገር የለም። የቅዳሜውን ትምህርት እሳቸው ያሠለጠኗቸው ሁለት እናቶች ተረክበዋል።

ወላጆች ሆይ፣ ልጆቻችሁ ስለ እትዬ ውሃ ሲጠይቋችሁ «መንገድ ሄዱ» አትበሏቸው፤ ይጠብቋቸዋልና። መሞታቸውን ንገሯቸው።

ለታላቅ እህታቸው፣ ለእህታቸው ልጅ፣ አብረዋቸው ውሃ ውስጥ ለቆሙ በጎ ፈቃደኞች ሁሉ ልብ የሚያሳርፍ መጽናናት እንመኛለን። ልጆቻችን ሐዘን ቤት ገብተው ይረብሹ ይሆን ብላችሁ የሰጋችሁም ይዛችኋቸው ኑ። ይህንኑ እህታቸውን ጠይቀናቸው ነበር። «እንደ ፈለጉ ይጩሁ፤ እኔስ ምን እያደረግኩ ነው?» ብለውናል።

የማኅበሩ ሥራ አመራር ቦርድ