የእንጭኒው መርፌ

አምቦ፣ ግንቦት 2005 ዓ.ም.

ልጄ ለንሳ፣ አከም ጂርታ? እግዚአብሔር በሄድሽበት ሁሉ ሞገስ ይስጥሽ። አባትሽ የተከለው ኮክ ዘንድሮ ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ አፍርቷል።

ባለፈው ወር ለጎረቤታችን ለሃዋኒ ደም ልስጥ ብዬ ብመረመር የጉበት ቫይረስ ተገኘብኝ፤ ሄፓታይተስ ሲ ይሉታል። አትደንግጪ፣ እስካሁን አላመመኝም። ነርሷ አብሮ በመብላት አይተላለፍም፣ በደም ነው አለችኝ። «ድሮ በጋራ መርፌ ተወግተው ያውቃሉ?» ስትለኝ ያኔ የኖርንባት እንጭኒ ከተማ ፊቴ ላይ ድቅን አለች።

ታስታውሻለሽ? አባትሽ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በድሬሰርነቱ ዘመን ቅዳሜ ቅዳሜ በራችን ላይ ሰው ይሰለፍ ነበር። የሱ መርፌ አያምም ብለው ከገጠር በፈረስ ይመጡ ነበር። ግቢው ሞልቶ ሳየው እንዴት ደስ ይለኝ ነበር። ያንን የብርጭቆ መርፌ ጠዋት አንዴ ይቀቅለዋል፤ ከዚያ በአልኮል እየጠረገ ሁሉንም በሱ ይወጋል። ክፉ ያሰበ ማንም አልነበረም። እኔንም የወጋኝ በሱ ነው።

አንቺን ግን ቶንሲል በያዘሽ ቁጥር ከሰልፉ መጨረሻ የማቆምሽ እኔ ነበርኩ። የቤት ልጅ እንግዳ አይቀድምም እልሽ ነበር። ሰው «ጨዋ ልጅ» ሲልሽ ደስ ይለኝ ነበር። ለካ ያ መርፌ አንቺ ጋ የሚደርሰው በስንቱ ሰው ገላ አልፎ ኖሯል።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ፤ ደምሽን ተመርመሪ። እስከዚያው ምላጭሽን ለማንም አታውሺ። ጤናሽን የሚያሰማኝ አምላክ ይጠብቅሽ። ሐኪም ቤት ስትሄጂም እናቴ ያስተማረችኝ ነው ብለሽ ለሰው ተራሽን እንዳትለቂ፤ ዛሬ አንቺ ቅደሚ፣ ልጄ።

እናትሽ ድንቅቱ