ንጹህ ብዬ ያስለመድኩት ውሃ

ወንድም ጋሼ፣ ከነጂኦሜትሪ ትምህርትህ እንዴት ከርመሃል? እኛ ድካሙን ካልቆጠርነው ደህና ነን።

ነርቭ የሚጎዳ የውሃ ብክለት የሚለየው የላቦራቶሪያችን አዲስ መሣሪያ ሰሞኑን መቆሚያ መቀመጫ አሳጥቶኝ ነበር። ከሰፈራችን ፋብሪካ ሥር የቀዳሁትን የወንዝ ውሃ ሳይቀር ንጹህ ነው ይለኛል። መጀመሪያ ንጹህ ውሃ አሳይተን እናስለምደዋለን፤ ሌላውን የሚለካው ከሱ ጋር እያነጻጸረ ነው። አለቃዬ፣ «ንጹህ ብለሽ ያስለመድሽው የቱን ውሃ ነው?» አለኝ።

«የቤታችንን የጉድጓድ ውሃ» አልኩት። አንተና እኔ ያደግንበት፣ ከሱ የጠራ ከየት ይመጣል ብዬ! በተጣራ ውሃ ደግሜ አስለመድኩት። ይኼኔ የወንዙን ውሃ የተበከለ ነው አለኝ። መሣሪያው ለካ ምንም አልነበረበትም።

ከዚያ ወዲህ ለእማዬ የሚጠጣ ውሃ ከላቦራቶሪ አመላልሳለሁ። «የኛው ምን ሆነና?» እያለች ትስቅብኛለች።

አገላብጣ ስማሃለች። እንደ ወትሮው በእጇ ልትጽፍልህ ነበር፤ እስክሪብቶው ከጣቶቿ እየወደቀ አስቸገራት እንጂ።

በደህና ያገናኘን።

እህትህ