ያንቺን ሥራ በገዛ እጄ ሰረዝኩት

እማዬ፣

ከተለየሽኝ ባለፈው ወር ሦስት ዓመት ደፈነ። መቃብርሽ ድረስ መጥቼ ነበር፤ ግን አፍሬ ምንም ሳልልሽ ተመለስኩ። ስለዚህ በጽሑፍ ይሁን።

የካዛንቺሱ ቤታችን ፈርሷል። ጎረቤቶቻችንም እዚህም እዚያም ተበታትነዋል። እኔ ቄራ አካባቢ ተከራይቻለሁ። ሥራዬ ያው የጤና በጀት ክፍል ነው። ትኮሪብኝ ነበር አይደል? በቃ፣ አትኩሪብኝ።

ምን መሰለሽ፣ ለኤች አይ ቪ ሕክምና ከውጭ ይመጣ የነበረው ገንዘብ ቀነሰ። መድኃኒቱ እንዳይቋረጥ ሌላ ወጪ ይቀነስ ተባለና የቱ እንደሚቀነስ አቅርቡ ተባልን። ያቀረብኩት እኔ ነኝ። መድኃኒት ያቋረጡትን ቤት ለቤት እየፈለጉ የሚመልሱት ሴቶች አበል ይቅር አልኩ። አዎ፣ ያንቺ ሥራ። ቫይረሱ በደምሽ እያለ፣ በየሰው በር እየቆምሽ እኔን ያሳደግሽበት ሥራ። ሰው አሁን ነቅቷል፣ መድኃኒቱን ራሱ መጥቶ ይወስዳል ብዬ ጻፍኩ። አለቃዬ ጎበዝ አለኝ። እኔ ማፈሪያዋ ደግሞ ደስ አለኝ!

ሜክሲኮ ጋ ያለው ጫማ ሰፊ ትዝ ይልሻል? መድኃኒቱን ጥሎ የጠፋብሽ? ስምንት ጊዜ ተመላልሰሽበታል። እኔን አስከትለሽ፣ እኔ ደግሞ የክፍሌ ልጆች ካንቺ ጋር እንዳያዩኝ ወደ ኋላ እየቀረሁ። በስምንተኛው እየተሳደበም ቢሆን ተነስቶ ተከተለሽ። ይህን በዓይኔ አይቼ ነው እንግዲህ ራሱ ይመጣል ብዬ የጻፍኩት።

ሰኞ ዕለት የሥራ ባልደረባሽ እትዬ ብርቄ ደወሉልኝ። እሳቸውም ከሥራ ተሰናብተዋል። ሊወቅሱኝ ነው ብዬ ስልኩን ይዤ ከቢሮ ወጣሁ። እሳቸው እቴ! ቢሮ ያሉት ሰዎች ሥራችንን ስለማያውቁት ነው እንጂ እንዲህ አይጨክኑም፣ አንቺ ልጃችን አይደለሽ፣ አስረጂልን አሉኝ። እሺ፣ እነግራቸዋለሁ አልኳቸው። ያኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምናለ!

ዓርብ ስብሰባ አለን። ተሳስቻለሁ፣ እናቴ በዚህ ሥራ ነው የኖረችው እላለሁ። ይመልሱት አይመልሱት እንጃ፤ ወረቀቱ ከእጄ ወጥቷል። ከዚያ በፊት ግን ነገ እትዬ ብርቄ ቤት ሄጄ፣ የሰረዝኳችሁ እኔ ነኝ ብዬ ፊት ለፊት እነግራቸዋለሁ። ቢያባርሩኝም ይገባኛል።

አልረሳሽም ብዬ ቃል ብገባልሽ ምን ዋጋ አለው፣ ያን ወረቀት የጻፍኩ ቀንም አልረሳሁሽም ነበር። እያሰብኩሽ ነው የጻፍኩት። ከእንግዲህ ግን ሳስብሽ ዝም አልልም፣ እማዬ።

ልጅሽ