በር ስድስት ላይ የተተረተረው ትራስ

ዳንሞር፣ አላባማ
እሑድ ከሰዓት በኋላ

ውድ ዋይኔል፣

ጎረቤቴ ሚስተር ኦዴል ዳሌው በብረት ተቀይሮለት ከሆስፒታል ወጥቷል። ፍሎሪዳ ሆነሽም ስለ እሱ መጠየቅሽ እንደማይቀር ስለማውቅ ከእሱ ልጀምርልሽ። በብረት ምርኩዝ እየተደገፈ እስከ ፖስታ ሳጥኑ ድረስ መሄድ ጀምሯል። "ኢሞጂን፣ በዕድሜዬ አውሮፕላን ተሳፍሬ አላውቅም፤ አሁን ግን ፍተሻው ላይ ዳሌዬ ሲጮህ ለመስማት ስል ብቻ ትኬት ልቆርጥ ነው" ይለኛል። የልጁ የቴሪ ሚስት ደግሞ ሦስተኛ ሴት ልጅ ወልዳለች። ኦዴል "ኦዴላ በሏት" ብሎ ቢለምን ምራቱ ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋችበት። ሴት ልጁ ጌይል በየቀኑ ከሥራ ስትወጣ ሾርባ ይዛለት ትመጣለች። ጌይልን ታውቂያታለሽ፤ ኮሌጁ ሠራተኛ የሚቀጥርበት ቢሮ ውስጥ ጸሐፊ የሆነችው።

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልሽ እሷ በነገረችኝ ነገር ምክንያት ነው።

ከሦስት ሳምንት በፊት ለኦዴል የሙዝ ፑዲንግ ይዤለት ብሄድ ጌይል ሳህን ስታጥብ አገኘኋት። እሷ እያጠበች እኔ ማድረቅ ጀመርኩ። ሥራ ፍለጋው እንዴት እንደሆነ ጠየቀችኝ። ሸሚዝ ፋብሪካው ከተዘጋ አሥራ አንድ ወር ሆነው፤ አንቺ አግብተሽ ሄድሽ፣ እኔ ከቢሮ ቢሮ ስዞር ጫማዬ አለቀ። ዶሮ ማረጃው "ደውለን እንጠራሻለን" አለኝ፣ አልደወለም። የአበባ ሱቁ ባለቤት ኮምፒውተር እችል እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ አበባውን ኮምፒውተሩ ያጠጣው ይመስል። ይህን ሁሉ ለጌይል እየሳቅኩ ነገርኳትና "ከሁሉም የቆጨኝ ግን የእናንተው የኮሌጁ ወጥ ቤት ነው" አልኳት።

ሳህኑን እንደያዘች ቆመች።

"ሚስ ኢሞጂን፣ በዚህ ነገር ከዋይኔል ጋር አልተነጋገሩም እንዴ? እኔ እኮ ተጣልታችሁ ታርቃችኋል ብዬ ነበር።"

"ለምን እጣላታለሁ?"

ፊቷ ቀላ። ልትተወው ፈለገች፤ እኔ ግን ሳህኑን ከእጇ ተቀብዬ አስቀመጥኩና "ተናገሪ" አልኳት።

ቅጹ ላይ ስለ እኔ የሚመሰክር ሰው ብለው ሲጠይቁ ያለማመንታት ያንቺን ስም ነበር የጻፍኩት። አለቃዋ የደወለልሽ ቀን ሳንድዊች እየበላ ስለነበር ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አድርጎ ድምፁን ለቆት ነበር። ጌይል ቃል በቃል ሰምታሻለች።

"ኢሞጂን እህቴ ማለት ናት፣ እጇ ወርቅ ነው" አልሽ። "ግን እውነቱን ልንገርዎት። ከቀኑ ሰባት ሰዓት ሲሆን ነፍሷ ቴሌቪዥን ውስጥ ናት፤ ቤቱ ቢቃጠል እንኳ ማስታወቂያ እስኪገባ ትጠብቃለች። ቅዳሜ የኮሌጁ ኳስ ቡድን፣ በቅሎዎቹ፣ የሚጫወቱ ከሆነማ ጭራሽ አይጠብቋት። የወንድሜ ልጅ ሚስቲም አመልክታለች፤ እሷ ኳሷ ክብ ትሁን ሞላላ ለይታ አታውቅም።"

ሰውየው ሳቀ አለችኝ። ከዚያ ቅጼን ገልብጦ ወደ ጎን ገፋው።

ዋይኔል፣ በሰባት ሰዓት በስልኩ ወዲያኛው ጫፍ የነበረው ማን ነው? የፋብሪካው ፈረቃችን ዘጠኝ ሰዓት ስለሚጀምር፣ እኔ ከሳሎኔ አንቺ ከሳሎንሽ፣ ስልኩን በትከሻችን ደግፈን ያንን ድራማ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብረን አይተናል። የድራማው ዶክተር ሚስቱን የካደ ዕለት እንዲያ ያለቀስሽው አንቺ ነሽ፤ እኔ ሳጽናናሽ ድስቴ አረረ። ደግሞ ነግሬሽ ነበር። "ይህን ሥራ ካገኘሁ ድራማውን እተዋለሁ፣ አንቺ እያየሽ ትነግሪኛለሽ" አልኩሽ። "ቅዳሜንም እሠራለሁ፣ በቅሎዎቹ ያለ እኔም ይሸነፋሉ" አልኩሽ። ስቀሽ "እሺ" ብለሽኛል። እያወቅሽ ነው ያደረግሽው ማለት ነው። ለሚስቲ መልካም መናገር ትችዪ ነበር፤ ማንም አይከለክልሽም። የእኔን ስም መረገጫ ማድረግ ግን ምን አስፈለገሽ?

እኔ ሞኟ ደግሞ ሚስቲ የተቀጠረች ሰሞን የሥራ ሽርጧ ረዝሞባት ጫፉን ያሳጠርኩላት በነፃ ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ በሰባት ሰዓት ስልኩ ሲጮህ አላነሳሁም። የደወልሽው አንቺ እንደሆንሽ አውቃለሁ። ድራማውን ድምፁን ዘግቼ አያለሁ፣ ስልኩ ይጮሃል፣ አስራ ሁለት ጊዜ ጮሆ ያቆማል። ታምሜ ይሆናል ብለሽ ተጨንቀሽ ከሆነ ደስ ይለኛል።

ፊልም ቤት ስንሄድ ታስታውሺያለሽ፣ ገና መብራቱ ሲጠፋ ጀምሮ መጨረሻውን በጆሮዬ እየነገርሽ ታበላሺብኝ ነበር። የተበደለች ሴት ፊልም ሲሆን ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ጸጉሯን ትቆረጣለች፣ ቀይ ቀሚስ ትለብሳለች፣ ደረጃ ትወርዳለች፣ ሙዚቃው ይጀምራል። ጸጉሬን ልቆረጥ አስቤ ነበር፤ ግን ለሚስ ፖሊ ጸጉር ቤት የሚከፈለው በከንቱ ሆኖ ታየኝ። ለእኔ የተሰጠኝ ልብስ ከመስከረም ጀምሮ በኮሌጁ ስታዲየም በር ስድስት ላይ የምለብሳት ቢጫ ሰደርያ ናት። ስድስት ቅዳሜ፣ ቦርሳ መፈተሽ። ሥራው ትንሽ ነው፤ ግን ማንም ሳይመሰክርልኝ ያገኘሁት ነው። ያኔ ደውዬ ስነግርሽ እንዴት እንደሳቅሽ አልረሳውም። "እሰይ! አሁንማ ትራሴን ማን ይነካዋል!" አልሽኝ።

ያንን ትራስ የሰፋሁት እኔ ነኝ። የሸሪፉ ረዳት ስታዲየሙ በር ላይ ከቦት ጫማሽ ውስጥ የተከለከለውን ውስኪ አውጥቶ ስምሽን የመዘገበበት ዓመት ነው። "ሁለተኛ ከተያዝሽ የአባትሽ መቀመጫዎች ይወሰዳሉ" ሲሉሽ እኔ ቤት መጥተሽ አለቀስሽ። ረድፍ ሃያ ሁለት፣ አንድና ሁለት፤ አባትሽ ስታዲየሙ ሲሠራ ድንጋይ ተሸክሞ ያገኛቸው። እኔም ከፊት የቡድኑን በቅሎ በክር ጠለፍኩልሽ፣ ከሆዷ ጀርባ ለጠፍጣፋዋ ጠርሙስሽ ስውር ኪስ ሰፋሁልሽ፤ ስፌቱን ድርብ አድርጌ ማንም እንዳይለየው በዚያው ክር። አሥራ ሁለት ዓመት በዚያ ትራስ ላይ ተቀምጠሽ፣ በጨዋታው ሦስተኛ ሩብ ከሆዷ እያወጣሽ ጠጣሽ። ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ስለ አንቺ ቢጠይቁኝ ኖሮ ምን እንደምል ታውቂያለሽ? "ዋይኔል ከመጽሐፍ ቅዱሷና ከበቅሎዎቹ በቀር ሱስ የላትም" ነበር የምለው።

ትናንት የቀድሞ ተማሪዎች የሚመለሱበት ጨዋታ ነበር። ባንዱ ከጠዋት ጀምሮ ይነፋል፣ የሰው ሰልፍ እስከ መንገዱ ደርሷል፣ የተቀቀለ ኦቾሎኒ ሽታ ሁሉ ቦታ። አንቺ እንደማትመጪ አውቄ ነበር። ግን ከሰልፉ መሀል በቅሎዋን አየኋት። ሚስቲ ብብቷ ሥር ይዛታለች።

"ሚስ ኢሞጂን! በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ጨዋታ ነው! አክስቴ ትኬቶቿን ላከችልኝ" አለች ጥርሷ ሁሉ እየታየ። ኮቷ ላይ የወጥ ቤቱ መታወቂያ ተንጠልጥሏል።

ልተዋት እችል ነበር። አለቃችን ሚስተር ክላይድ ጀርባውን ሰጥቶ ከባንዱ ልጆች ጋር ያወራ ነበር፤ ምንም አላየም። "እለፊ" ብል አለቀ። እኔ ነኝ የጠራሁት። "ሚስተር ክላይድ፣ እዚህ ይምጡልኝ" አልኩ። መቀሴን ከኪሴ አወጣሁ፤ የሰፊ ሴት ኪስ ያለ መቀስ አይሆንም። ስፌቱን በጥፍሬ ፈልጌ አገኘሁት፣ አንድ በአንድ ተረተርኩት።

"ቀስ በይ፣ በቅሎዋ ያረገዘች ትመስላለች!" አለ አንዱ ከሰልፉ።

"ወለደች!" አለ ሌላው ጠርሙሷ ብቅ ስትል። ሰው ሁሉ ሳቀ።

ሚስቲ አልሳቀችም። "ይሄ ምንድን ነው?" አለች። "አክስቴ እኮ ሲበርድሽ በሦስተኛው ሩብ ክፈቺው ብላኝ ነው። የእጅ ማሞቂያ መስሎኝ።"

ክላይድ ጠርሙሷን አሸተተና የትኬቱን ቁጥር አየ። "ሃያ ሁለት... ይሄ የዋይኔል አይደለም እንዴ?"

"የእሷ ነው" አልኩ።

"እንግዲህ ሁለተኛዋ ነው" አለና ጻፈ። ከዚያ ዓይኑ መታወቂያው ላይ አረፈ። "አንቺ የኮሌጁ ሠራተኛ ነሽ?" አላት። ሚስቲ አልካደችም። "አዎ ጌታዬ" አለች።

እውነቱን ልጻፍልሽ፤ ጣፈጠኝ። ሆዴ እስኪሞቅ ድረስ ጣፈጠኝ። በቅሎዎቹ ሃያ አራት ለሃያ አንድ አሸነፉ፤ ከስድስት ዓመት ወዲህ የመጀመሪያው፣ ያውም በመጨረሻዋ ደቂቃ። ሰው ሁሉ ብድግ ብሎ ሲጮህ እኔ ወደ ረድፍ ሃያ ሁለት ነበር የማየው። ሁለት ባዶ መቀመጫ። የእኛን ጨዋታ በፍሎሪዳ ቴሌቪዥን እንደማያሳዩ ስለማውቅ ውጤቱን እኔ እነግርሻለሁ አልኩ በልቤ፤ አንቺ መጨረሻውን ትነግሪኝ እንደነበረው። ከኮሌጁ ደብዳቤ ይደርስሻል። ይህ የእኔ ቀድሞ እንዲደርስሽ በፈጣኑ ፖስታ ነው የምልከው። ማን እንዳደረገው ከሌላ ሰው አትስሚ።

እዚህ ላይ ልጨርስ ነበር። ግን ዛሬ ሰው መጥቶብኝ ነበር።

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ በሩ ተንኳኳ። ሚስቲ ናት፣ በእሑድ ቀሚሷ። ለጠብ ተዘጋጅቼ ከፈትኩላት።

"ልጣላዎት አይደለም የመጣሁት" አለች። "አለቃዬ ጠዋት ደውሎ በጠርሙሷ ምክንያት ነገ እንዳትመጪ አለኝ።"

ቁጭ አለች። ሻይ በበረዶ ሰጠኋት፤ አልጠጣችውም።

"አክስቴ በበር ስድስት ግቢ አለችኝ። 'ኢሞጂን እዚያ ናት፣ አንቺን አይታ እለፊ ነው የምትልሽ' አለችኝ። ለምን እንዲህ አደረጉኝ?"

ነገርኳት። ስልኩን፣ ሳንድዊቹን፣ ኳሷ ክብ ትሁን ሞላላ ያልሽውን፣ ሁሉንም። አንድ ቃል አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም። ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ ዞር ዞር አደረገችው።

"ኳስ ስለማላውቅ ተቀጠርኩ" አለች በመጨረሻ፣ "ኳስ ለማየት የሄድኩ ቀን ተባረርኩ።"

አለመሳቅ አልቻልኩም። እሷም ሳቀች፣ ከዚያ አለቀሰች። ይህን የምጽፍልሽ እንድታዝኚልኝ አይደለም፤ ያንቺን መቀመጫ በማስወሰዴ አልጸጸትም፣ ነገም ቢሆን እተረትረዋለሁ። የሚስቲ ግን አንጀቴን በላው። አንቺን ለማግኘት በእሷ በኩል ነው ያለፍኩት፤ አንቺ ለእሷ ብለሽ በእኔ ላይ እንዳለፍሽው። እኔና አንቺ እስከዚህ ድረስ መመሳሰላችንን አላውቅም ነበር፤ ከሁሉም ያናደደኝም ይኸው ነው።

ዓይኗን ጠርጋ ከቦርሳዋ የታጠፈ ወረቀት አወጣች። የሥራ ማመልከቻ ቅጽ ነው፣ የአረጋውያን ቤቱ፣ ወጥ ቤት።

"እዚህ ጋ የሚመሰክርልኝ ሰው ስም ይላል" አለች። "እርስዎን ልጻፍ?"

"እኔን? እኔ ነኝ እኮ ያስባረርኩሽ።"

"አዎ። ግን ያ ሁሉ ሰው ሲስቅብኝ አልጮህኩም፣ አልተሳደብኩም፣ አልዋሸሁም። ቆመው ያዩኝ እርስዎ ነዎት።"

ስሜን ራሴ ጻፍኩላት። ስልኬንም። ነገ ስልኩ ሲጮህ አነሳዋለሁ ዋይኔል፤ አንቺ ከሆንሽ እዘጋዋለሁ፣ መስመሩን ለአረጋውያን ቤቱ ሰዎች እፈልገዋለሁ። ስለ ሰው ሲጠየቁ እንዴት እንደሚመለስ፣ እስቲ ፍሎሪዳ ድረስ ይሰማሽ።

ስትወጣ ደረጃው ላይ ዞር አለች። "ለአክስቴ ምን ልበላት?"

"ምንም። እኔ እጽፍላታለሁ።"

"ትቀየማለች።"

"ትቀየም።"

"ስለ እኔስ ሲጠይቁዎት ምን ይሏቸዋል?"

"ያየሁትን" አልኳት።

"ያ ይበቃኛል" አለችና ወረቀቱን ሁለተኛ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ኢሞጂን ስታብስ