ረቂቁን ሳላየው ያተማችሁት ውሳኔ

ወንድም ጋሼ፣ አንተን ነው! ወዲያ ወዲህ አትይ፤ ሌላ ገብረየስ የለኝም። መነጽርህን አድርግና ከላይ እስከ ታች አንብበው። ስልክ ስደውልልህ “ካርድ እየበላብሽ ነው” ብለህ ትዘጋብኛለህ። ወረቀት ግን አይዘጋም።

ለመሆኑ እንዴት ከርመሃል? ብርድ ሲገባ የሚጠዘጥዝህ ጉልበትህስ? እትዬ ሸዋዬ እንዴት ናት? ልጆቹስ፣ ብሩክ ቁመቱ አንተን አለፈህ? አባባስ? አሁንም ሰው የሚለዩት በድምፁ ነው? ለደብረ ብርሃን ብርድ ቁርስ እንኳ የሚሆን ብርድ እዚህ የለም፤ እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ከናፍቆታችሁ በቀር አንድም የጎደለኝ የለም ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ውሸት ሆነብኝና ተውኩት። የጎደለኝን እነግርሃለሁ።

በጥቅምት ሚካኤል ማኅበር፣ ያውም በአንተ ቤት፣ ዘመድ ሁሉ በተቀመጠበት፣ “ጽጌሬዳ እንደሆነ ሥራ የላትም፣ ቤቷ ቁጭ ብላለች፤ አባባ የዓይናቸውን ሞራ ሲያስገፍፉ መጥታ እስከ ጥር መጨረሻ ታስታምም” ብለህ አስወስነሃል አሉ። ሰዉም “ደግ ነው” ብሎ ተነሣ። የነገረኝ የአክስታችን ልጅ ግዛቸው ነው። እንደ ምሥራች ነው የነገረኝ፣ አትቆጣው።

ሥራ የላትም! አንተ ሰውዬ፣ ጠዋት የምፈርምበት መዝገብ፣ ሳረፍድ የሚገላምጠኝ አለቃ ስለሌለኝ ነው? ከመሥሪያ ቤት ከወጣሁ ስድስት ዓመቴ። እዚህ ሐዋሳ ስንቱ የሚዳረው እኔ በነደፍኩት የጥሪ ካርድ ነው፤ የስንቱ ሱቅ ታፔላ፣ የስንቱ ምግብ ቤት ሜኑ የእኔ እጅ ነው። ማን አስተማረኝ? ማንም! መናኸሪያ ስትሸኘኝ “ራስሽን ቻዪበት” ብለህ የሰጠኸኝን አሮጌ ስልክ እያየሁ ነው የተማርኩት። መስታወቱ ተሰንጥቋል፤ እስከ ዛሬ አልጣልኩትም። እና በሰጠኸኝ ስልክ ራሴን ብችል፣ አንተው ዞረህ ሥራ ፈት ትለኛለህ?

አንድ ነገር ግን ልመንልህ። መጀመሪያ ላይ ሥራ ነበረኝ እንጂ ሰዓት አልነበረኝም። ስልክ በጮኸ ቁጥር አነሣለሁ፣ ለሁሉም “እሺ፣ ነገ” እላለሁ። አንድ ቀን ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ ሳለ አቶ ጉልላት የሚባሉ የቱላ ሰው ደወሉ፤ ልጃቸውን ሊድሩ ነው። የጠሪዎቹን ስም በስልክ ሲነግሩኝ መዳፌ ላይ ጻፍኩት። መዳፍ ደግሞ ይታጠባል። ካርዱ ታትሞ ተበተነ፤ ሙሽሪትን ከሕፃንነቷ ያሳደጓት አጎቷ፣ አቶ ሰይፈሚካኤል፣ ስማቸው የለም! “ስሜ የሌለበት ሠርግ ላይ እኔ ማን ነኝ?” ብለው ቀሩ። ልጅቷ አልቅሳ ዓይኗ አበጠ። ሽማግሌ ይዤ፣ ድንጋይ ተሸክሜ ደጃቸው ተንበረከክሁ። ድንጋዩን ከትከሻዬ ሲያወርዱ ምን እንዳሉኝ ታውቃለህ? “ልጄ፣ ስሜን መርሳትሽ አይደለም የቆረጠኝ፤ ሳትጠይቂኝ ማተምሽ ነው።”

ከዚያ ወዲህ ሥርዓት አወጣሁ። የካርዱን ረቂቅ ከሁለቱም ወገን ሽማግሌ ሳይቀመጥ አላትምም። ጮክ ብዬ አነባለሁ፤ ማን ቀረ፣ ማን ቀደመ፣ የማን ማዕረግ ተዘለለ፣ እዚያው ይጣሉና እዚያው ይታረቃሉ። “ይታተም” የሚሉት ራሳቸው ናቸው። እርማት ሁለቴ ብቻ፤ ሦስተኛው እንደ አዲስ ሥራ ነው። ከጠዋቱ ሦስት እስከ ሰባት ስልኬ ዝግ ነው፤ ደንበኛ የማገኘው ከሰዓት ነው። መጀመሪያ ሰው ተቀየመ። ሐይቅ ዳር እንግዳ ማረፊያ ያላት ሶፍያ “አንቺስ ከባንክ ባስሽ!” አለችኝ። “ታዲያ ባንክ ሲዘጋ በሩን ትደበድቢያለሽ?” አልኳት። ስቃ ሄደች፤ በሰዓቱ መጣች፤ አሁን ሌላውን የምታመጣልኝ እሷ ናት። የማልደርስበትን ሥራ ፊት ለፊት “አልችልም” ስለምል ነው የሚያምኑኝ። በጥር የሚድር አሥራ አንድ ቤተሰብ ቃሌን ይዞ ተቀምጧል። ትቼ ልምጣ? አሥራ አንድ አቶ ሰይፈሚካኤል ላፍራ?

ወንድምዬ፣ ይህን ስጽፍ ተናድጄ ነበር። አባባ ትዝ ሲሉኝ ግን እጄ ላላ። ደንበኞቼ “ይህን ፊደል ከየት አመጣሽው?” ይሉኛል። የአባባ ቁም ጽሑፍ ነው። እጄን በእጃቸው ይዘው፣ መቃ ብዕር አስጨብጠው ያስጻፉኝ ነው። እኔ እሳቸውን ላስታምም እምቢ የምል ይመስልሃል? ያልጠየቅኸኝ እሱን ነው! ብትጠይቀኝ መልስ ነበረኝ። ወደ እኔ ይምጡና ሞራውን እዚሁ ያስገፍፉ። ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ያለው ቤቴ ደረጃ የለውም፣ ብርድ የለውም። ዓይናቸው በጨርቅ እስከተሸፈነ ድረስ ጠዋት ጠዋት አጠገቤ ይቀመጡ፤ ረቂቁን አነብላቸዋለሁ። ማዕረግ የተዛባበትን ከጆሯቸው የሚያመልጥ የለም። ወደ ማታ ክንዳቸውን ይዤ ሐይቁ ዳር እወስዳቸዋለሁ። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም እያልን እንጣላለን። ጨርቁ ሲነሣ መጀመሪያ የሚያዩት ፊደል የራሳቸው ይሁን፤ በእኔ ካርድ ላይ። ይህን ማሰቡ ከአሁኑ ያስለቅሰኛል።

እንግዲህ ሰላምታዬን አድርስልኝ። እትዬ ሸዋዬን ጉንጯን ሳምልኝ፤ የላከችው ሹሮ ገና አላለቀም በላት። ብሩክን ጎበዝ በለው። ትንሿ ልጅህ ምሕረትም ሥዕሏን ትላክልኝ፣ ስሟን ከሥሩ ጽፋ። ግዛቸውን አፉን እንዲሰበስብ ንገረው፤ ለእኔ ግን መንገሩን አይተው። የአባባን ጉልበት እኔን ሆነህ ሳም።

ያለ እኔ ያተማችሁትን ውሳኔ ግን እንዲህ በቀላሉ አልተውልህም። ይኸው ረቂቄ፣ እጅህ ላይ ነው። በስልክ “እሺ በቃ፣ ገብቶኛል” ብለህ እንዳታባብለኝ፤ ሥራ የላትም ያልከው በሹክሹክታ አይደለም። ለኅዳር ሚካኤል ማኅበሩ ሲቀመጥ ተነሥተህ ይህን ደብዳቤ ጮክ ብለህ አንብብ፤ አባባም ይስሙ። ከዚያ እዚያው በሁሉም ፊት መልስልኝ፦ እህትህ ሥራ አላት ወይስ የላትም?

እህትህ ጽጌሬዳ
ሐዋሳ፣ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ
ጥቅምት ፳፬ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.